ከመፈክሩ በኋላ የሚነገረው

ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በሰፈሬ ሲያልፍ እስከ ዛሬ ቆሜ እሰማለሁ። የሎተሪ ይሁን የሳሙና፣ የክትባት ይሁን የስብሰባ ጥሪ ግድ የለኝም። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። «አንቺ ደግሞ! ምን የሚሰማ ነገር አለው ብለሽ ነው?» ይሉኛል። ይሳቁ። እኔ መልእክቱን አይደለም የምሰማው። መልእክቱ አልቆ ሰውየው ማይኩን ከማጥፋቱ በፊት ያለችውን ትንሽ ዝምታ ነው የምጠብቃት። እዚያች ላይ አንድ ነገር የሚጨመር ይመስለኛል። እስካሁን አንድም ቀን ተጨምሮ አያውቅም፤ እኔም አንድም ቀን ሳልቆም አልፌ አላውቅም።

በደርግ ጊዜ የመንግሥት ድምፅ ነበርኩ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ሆሳዕና፣ የአውራጃው ቢሮዎች ባሉበት ግቢ ውስጥ አንድ የቅስቀሳ ክፍል ነበር፤ ሥራው ከበላይ የሚመጣውን ዘመቻ ሁሉ ለሕዝብ ማሰማት ነው። ዛሬ ማስታወቂያ የሚባለውን እኛ ቅስቀሳ ነበር የምንለው። ልጆቻችሁን አስከትቡ፣ መጸዳጃ ቆፍሩ፣ ፊደል ተማሩ፣ ችግኝ ትከሉ። ገንዘቡ ከላይ ይመጣል፣ ቀለሙ ይመጣል፣ ባትሪው ይመጣል። ትምህርት ቤት ጠመኔ ሲጠፋ፣ ክሊኒክ ፋሻ ሲጠፋ፣ እኛ ጋ ቀይ ጨርቅ ጠፍቶ አያውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ «ድምፅሽ ጥሩ ነው» ተብዬ ተቀጠርኩ። አባቴ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ በልጅነታችን ነው የሞተብን። ከእሱ የወረስነው አንድ ሰዓት፣ አንድ ጥቁር ጃንጥላና የጠራ አማርኛ ነው። አማርኛው ለእኔ ደመወዝ ሆነልኝ።

የገበያ ቀን እየተከተልን በጂፕ እንዞራለን፤ ዛሬ ሆሳዕና ከሆነ ነገ ሞርሲቶ፣ ከነገ ወዲያ ዳምቦያ። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ጥሩንባ የመሰሉ ድምፅ ማጉያዎች ታስረዋል። እኔ ከወረቀት ላይ አማርኛውን አነባለሁ፣ ጋሼ ይተረጉማሉ። ስማቸውን አልጽፈውም፤ ያኔም ጋሼ እንጂ ሌላ ብያቸው አላውቅም። የአካባቢው ሰው ናቸው፣ አርባን ያለፉ፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ። ሀዲይኛውንም ከምባትኛውንም አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ጂፗንም የሚነዱት እሳቸው ናቸው። የጸሎት ቤታቸው በዚያ ዘመን ታሽጎ ስለነበር መሪ ይዘው መዝሙራቸውን በአፍንጫቸው ያዜሙ ነበር። እኔ ደግሞ ያልሰማሁ እመስላለሁ።

እኔ ሆሳዕና ተወልጄ ከሰፈር ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ያደግሁ ነኝ። ሀዲይኛ እሰማለሁ። ይህንን ጋሼ አላወቁም ነበር፤ የጸሐፊው ልጅ ብለው ደምድመዋል።

በመጀመሪያው ወር አንድ ቀን ሞርሲቶ ገበያ ላይ ስለ ኩፍኝ ክትባት አነበብኩ። ጋሼ ተረጎሙ። መፈክሩን አሉ። ከዚያ ማይኩን ሳይመልሱልኝ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ ልክ የክትባቱ መልእክት አካል ይመስል እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፤ «ከወንዙ ማዶ ያለሽው፣ ሁለት ቀይ ላም ያለሽ እናት፣ ልጅሽ ደህና ነኝ ብሏል። ትንሿን ላም እንዳትሸጪ ብሏል።» ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ቅቤዋን ጥላ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤቶቿ ትከሻዋን ይዘው ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ሌሎቹ ሴቶች ደግሞ ዓይናቸውን ጋሼ አፍ ላይ ተክለው ቆመዋል። ጋሼ ሌላ ሦስት ጨመሩና ማይኩን ሰጡኝ።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ጋሼ፣ ትንሿ ላም ከኩፍኝ ጋር ምን አገናኛት?» አልኳቸው።

ፍሬኑን ረገጡት። ጂፗ ጭቃው ላይ ተንሸራታ ቆመች።

«ሀዲይኛ ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ ነዋ!»

መሪው ላይ ግንባራቸውን ደፉ። መጀመሪያ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ኖሯል። ስቀው ሲያበቁ ነገሩን ነገሩኝ። ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ሰሜን ይጫናል። ገጠር ፖስታ ቤት የለ፣ እናቶቹ ማንበብ አይችሉ። አንድ ጊዜ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ጨንቆት በቅስቀሳ ክፍሉ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ጻፈላቸው፤ «ለእናቴ ደህና ነኝ በሉልኝ» ብሎ። እሳቸውም እናቲቱን ቤቷ ድረስ ሄደው ሊፈልጉ ጊዜ አጡና በገበያ ቀን በማይኩ ነገሯት። በቃ። ወሬው ግንባር ደረሰ። «በዚህ ሣጥን ቁጥር ጻፉ፣ ገበያ ላይ ይነገርላችኋል» ተባባሉ ልጆቹ። የመንግሥት ሣጥን የወታደር ደብዳቤ ተሞላ።

ስም አይጠሩም። ስም ከጠሩ ነገ ማስረጃ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ እናቶቹን በምልክት ነበር የሚጠሯቸው፤ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለሽው፣ መንታ የወለድሽው፣ ገብስ የምትሸጪው። አንድ ሕግ ደግሞ ነበራቸው። የሞተ አይናገሩም። መርዶ ከመጣ በማለዳ ሽማግሌ ይዘው ቤት ይሄዳሉ እንጂ በድምፅ ማጉያ ብለውት አያውቁም። ስለዚህ ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ ከመፈክሩ በኋላ የተጠራ፣ ያ ልጅ በሕይወት አለ።

አለቃችን ከሌላ ክፍለ ሀገር ተሹሞ የመጣ ሰው ነው፣ አንድ ቃል ሀዲይኛ አያውቅም። ከገበያተኛው ደግሞ አንድም የሚያሳብቅ አልነበረም። የቀበሌ ሊቃነ መናብርቱ እንኳ ፊት ለፊት ተሰልፈው አንገታቸውን አስግገው ይሰሙ ነበር፤ እነሱም ልጅ አላቸው። ሀዲይኛ መስማቴን ካወቁባት ቀን ጀምሮ ጋሼ የሣጥኑን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። ደብዳቤዎቹን እየከፈትኩ፣ እናቲቱን የምትለይበትን ምልክት እየፈለግኩ በትንሽ ወረቀት እጽፍላቸዋለሁ። ያ ወረቀት ከክትባቱ ጽሑፍ ሥር ተደብቆ ይሄዳል።

እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ዘመን ሥራዬን ወድጄ አላውቅም። መንግሥት ገንዘቡን ያወጣው ለኩፍኝ ነው፣ ሰዉ የሚመጣው ለልጁ ነው። ግን ደግሞ የልጁን ወሬ ሊሰማ የመጣ ሰው ኩፍኙንም ሰምቶ ይሄዳል! ክትባት የሚሰጥበት ቀን ሰልፉ የጤና ጣቢያውን አጥር ዞሮ ይታጠፍ ነበር።

ከዚያ ወንድሜ ተወሰደ።

ታናሼ ነው፣ በሦስት ዓመት። አላጋጭ ነበር። እኔ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ባዶ የዘይት ጣሳ አፉ ላይ ደቅኖ፣ ድምፄን አስመስሎ፣ «ጓድ እናት ሆይ! ራት በአስቸኳይ ይቅረብ! የተራበው ልጅ ያሸንፋል!» እያለ ግቢውን ይዞር ነበር። እናቴ «ዝም በል፣ ሰው ይሰማል!» ትለዋለች፤ እሷው ግን በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛውን ወደ አዲስ አበባ ሊሸኝ መናኸሪያ ሄደ። አፈሳ ነበር። ጓደኛው አውቶቡሱ ላይ ስለነበረ ተረፈ፣ ሸኚው ተወሰደ። እናቴ ወሬውን ሰምታ ብርድ ልብሱን ይዛ ወደተያዙበት ቦታ ስትደርስ መኪኖቹ ሄደዋል። ብርድ ልብሱን እንደታጠፈ ይዛው ተመለሰች።

ሦስት ጊዜ ጻፈልን። ሁለቱ የሰላምታ ደብዳቤ ናቸው። በሦስተኛው መጨረሻ ላይ ለእኔ፣ «እህቴ፣ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊው እንጂ፣ እዚህ ድረስ እየተሰማ እንቅልፍ ነሳን» ይላል። ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት! ከዚያ ወዲህ ጂፗን ባቆምን ቁጥር ጣሪያው ላይ እወጣና አንዱን ጥሩንባ ወደ ሰሜን አዞረው ነበር። ጋሼ ያያሉ።

ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ክረምት ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ። ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የእጅ ጽሑፉን ነው፤ ወደ ግራ ያጋደለ ጽሑፍ። የሰው ደብዳቤ ሃያም ሠላሳም ይመጣል። ደስ ሊለኝ ሲገባ እየዋለ እያደረ ማስጠላት ጀመረኝ። አንዳንዴ ደብዳቤ ይዤ «ምነው የእሷ ልጅ ጻፈ?» እል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ብያለሁ።

እናቴ የመንግሥት ድምፅ ማጉያ የማትወድ ሰው ነበረች። «እሱን ጩኸት ቤት ውስጥ በነጻ እሰማዋለሁ» ትለኝ ነበር። የገበያውንም ነገር የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ጋሼ እንዴት አድርገው እናቶቹን እንደሚጠሩ። አንድ ቀን ሆሳዕና ገበያ ላይ እያነበብኩ ቀና ስል የአባቴን ጥቁር ጃንጥላ አየሁ። እናቴ ዳር ላይ፣ ከእህል ሻጮቹ ጀርባ ቆማለች። ፀሐይም ዝናብም የለም፣ ጃንጥላው ተዘርግቷል። ሀዲይኛ ዋጋ ከመጠየቅ አልፋ አትችልም። ቢሆንም ጋሼ እስኪጨርሱ ቆመች፣ ጨርሰው ማይኩን ሲመልሱልኝ ጃንጥላዋን አጥፋ ሄደች።

ማታ ቤት ስገባ፣ «ገበያ ምን ልትሠሪ ወጣሽ?» ብላት፣ «ነጭ ሽንኩርት አልቆብኝ» አለች።

በሚቀጥለው ሳምንትም ነጭ ሽንኩርት አለቀባት። ሞርሲቶ ድረስ ሄደችለት። ዳምቦያም ሄደችለት፣ ያንን መንገድ! ቤታችን በነጭ ሽንኩርት ተሞላ፤ የጓዳው ግድግዳ ላይ ጉንጉን ሆኖ ተንጠለጠለ፣ ለጎረቤት ሰጥተን ሰጥተን አላልቅ አለ። እኔም አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። በየገበያው ጃንጥላዋ ይዘረጋል፣ የሌሎች ልጆች ይጠራሉ፣ ጃንጥላዋ ይታጠፋል። ጋሼ ምልክቷን ያውቃሉ፤ ሁልጊዜ ወደ እሷ ያዩና ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

ይህ ሲሆን አለቃችን ሪፖርት ይጽፋል። ሕዝቡ እንዴት ለቅስቀሳ እንደጓጓ፣ መልእክቱ ካለቀ በኋላ እንኳ ቆሞ ተጨማሪ እንደሚጠብቅ ጽፎ ላከ። ውሸት አልጻፈም። የበላዮቹም ደስ አላቸው፤ እንዲህ ያለ የነቃ አውራጃ ካለማ ይበረታታ አሉ። በጀት ተፈቀደ። አራት አዲስ ድምፅ ማጉያ፣ ትልቅ የካሴት ማጫወቻ፣ ካርቶን ሙሉ ባትሪ፣ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ በአማርኛም በሀዲይኛም በከምባትኛም የተቀዱ ካሴቶች ከነሙዚቃቸው መጡ። አለቃችን አንዱን ካሴት ከፍቶ፣ «ስሙት እስቲ! ይህ ነው ድምፅ!» አለን። እውነትም ጥሩ ድምፅ ነበር። ከሚመጣው ወር ጀምሮ መልእክቱ ወጥ እንዲሆን በካሴት ብቻ ይሰማል፣ ማይኩ ይዘጋል ተባለ። ጋሼ ወደ ማስተማር፣ ገጠር። እኔ ካሴት አገላባጭ።

አያችሁ? ጥሩ ስለሠራን ነው ያጠፉን።

የመጨረሻው ቀን ሆሳዕና ገበያ ነበር። ሕዝቡ መጨረሻ መሆኑን አያውቅም። እኔ የፊደል ዘመቻውን አነበብኩ፣ ጋሼ ተረጎሙ፣ መፈክሩን አሉ። ከዚያ ዘጠኝ እናቶች ጠሩ፤ በአንድ ቀን ያን ያህል ጠርተው አያውቁም። ሳይነገር የሚቀር ደብዳቤ እንዳይኖር ማለዳውን ሣጥኑን አራግፌ ነበር። ወደ ግራ ያጋደለ ጽሑፍ አልነበረበትም። ጋሼ ጨረሱና ሕዝቡን አዩት፣ ማይኩን ለእኔ መለሱልኝ። የእኔ ድርሻ «ገበያችሁ ይቅና» ማለትና ማጥፋት ነው።

ቀና አልኩ። እናቴ እጇን ወደ ጃንጥላው እጀታ ስትሰድ አየሁ።

ነገ የለም ማለት ነው። ከዛሬ በኋላ ማንም ማንንም አይጠራም። ይህቺ ሴትዮ አንድ ዓመት ሙሉ ቆማ፣ የሁሉ ሰው ልጅ ተጠርቶ፣ የእሷ ሳይጠራ ይዘጋል። አላሰብኩበትም። ባስብበት ኖሮ አፌ አይከፈትም ነበር።

«ጥቁር ጃንጥላ የያዝሽው እናት» አልኩ፣ በአማርኛ። ድምፄ በሁለቱም ጥሩንባ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ነጥሮ ተመለሰ። «ልጅሽ ደህና ነው። ደህና ነኝ ብሏል። ይመጣል።»

ጃንጥላው ቆመ። አልታጠፈም። ሰዉ ዞሮ አያት፣ አንዲት ገብስ ሻጭ እልል አለችላት። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ለገበያው ሁሉ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ገመድ መጠቅለል ጀመሩ። መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ከዘጋን በኋላ ነው፣ «ደብዳቤ መጣ?» ያሉኝ።

«አልመጣም።»

ሞተሩን አላስነሱም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔ አንድም ቀን ያልሆነ ነገር አላልኩም ነበር» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ደግሞ፣ «ለእናቴ ቢሆን እኔም እል ይሆናል። እንጃ» አሉና ቁልፉን አዞሩት። መንገዱን ሁሉ መዝሙራቸውን አላዜሙም። ከዚያ ወዲያ አብረን አልሠራንም፤ ይናፍቁኛል፣ የዚያች ጂፕ የናፍጣ ሽታ እንኳ ይናፍቀኛል።

እቤት ስደርስ እናቴ የወንድሜን ብርድ ልብስ አውጥታ አጥሩ ላይ ፀሐይ እያስመታችው ነበር። «ሰማሁሽ» አለችኝ። እኔም ጓዳ ገባሁና ነጭ ሽንኩርቱ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ቢጠይቁኝ ሽንኩርቱ ነው እል ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ካሴቱ በሚቀጥለው ወር ወጣ። ወይ ጉድ! አራት ድምፅ ማጉያ፣ ሙዚቃ፣ የተቃና ሀዲይኛ። ሞርሲቶ ላይ ሰዉ እንደ ልማዱ ተሰብስቦ በትዕግሥት ሰማ። መፈክሩ አለቀ። ሁሉም ጆሮውን አቆመ። ካሴቱ ሽሽሽ ይላል። ሰዉ ይጠብቃል። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። አንዲት አሮጊት ወደ ጂፗ መጡና ጆሯቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፈው፣ «ልጄ፣ ውስጥ የቀረ የለም?» አሉኝ በሀዲይኛ። የለም አልኳቸው። ሌላዋ ሴት ደግሞ ማንም ካልተጠራ ልጆቹ ሁሉ አልቀዋል ማለት ነው ብላ ጮኸች፤ እስክናረጋጋት ገበያው ተናወጠ። በሦስተኛው ሳምንት ከፊታችን የቆሙት ፍየሎች ብቻ ነበሩ። አለቃችን ግራ ገባው። ድምፁ ያነሰ መስሎት ሁለት ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ ጠየቀ፤ ተላከለት።

ደብዳቤዎቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። በቦርሳዬ ይዤ በገበያው መካከል እየዞርኩ በልጅነት ሀዲይኛዬ በጆሮ እነግር ነበር፣ አንዷን ስነግር ሌሎቹ እጄን ይይዙኛል። ጥቂት ወራት እንደሄድኩ የሣጥኑን ቁልፍ መልሺ ተባልኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። መለስኩ።

እናቴ ደግሞ ገበያ መሄድ ተወች። ከዚያ ይልቅ መናኸሪያ መሄድ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሲገባ፣ ከሻይ ቤቷ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ጃንጥላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ትቀመጣለች። ተሸካሚዎቹ አወቋት፣ ትኬት ቆራጮቹ አወቋት፤ «እማማ፣ ዛሬ ዘግይቷል፣ ሻይ ይጠጡ» ይሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት እሄዳለሁ። ምን ላድርግ? ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስንቴ ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት!

ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ መምጣት ጀመረ። ባዶ እግሩን፣ በጆንያ፣ በቆሻሻ ካፖርት። እናቴ ከእያንዳንዱ አውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ ፊቱን ታያለች። ሁለት ቀይ ላም ለነበራት እናት ልጇ መጣላት፤ መናኸሪያው መሐል እናቱን ተሸክሞ ሲዞር አይተናል። እናቴ እልል አለችለት። ከዚያ መልሳ ተቀመጠች። የእኛ አልመጣም። ሞተም ያለን የለም፣ አለም ያለን የለም። ለቅሶ እንቀመጥ ሲሏት፣ «ማን ነገራችሁና?» እያለች መለሰቻቸው። እኔ ያንን በሰማሁ ቁጥር መሬት ብትውጠኝ እወዳለሁ።

ብዙ ዓመት ሄደ። እናቴ እግሯ ከዳት፣ መናኸሪያው ቀረ። አልጋ ላይ ዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወተት እያጠጣኋት ነበር፣ ከመንገዱ የድምፅ ማጉያ መኪና እያለፈ። ምን እንደሚል አላስታውስም። ሁለታችንም ሰማነው። እስኪያልቅ ሰማነው። ሲያልቅ አላስችል አለኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ያን ቀን ገበያ ላይ ያልኩት... ደብዳቤ አልነበረም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ እሷው ጎኗ አስቀመጠችው።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«እንዴት?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ሀዲይኛ አላውቅም፣ ግን አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። የእውነቱን ሁሉ የሚናገረው ሰውየው ነበር። አንቺ ስትናገሪ ደግሞ አንገቱን ደፋ። አየሁት።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት መናኸሪያ ለምን ተቀመጥሽ? ብርድ ልብሱንስ ለምን አወጣሽ?»

«ብርድ ልብሱ ብል ሊበላው ስለነበር ነው» አለች፤ እንደ ነጭ ሽንኩርቱ መሆኑ ነው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «የሰው ሁሉ ልጅ እየተጠራ የእኔ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠራ ሊቀር ነበር። አንቺ ጠራሽልኝ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጠራሽልኝ። ታዲያ እኔ ካልጠበቅኩት፣ ሰዉ ውሸት ነበር አይልሽም?»

ወተቱ በረደ። ላሞቀው ተነሳሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

«እስቲ በይው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያን ቀን ያልሽውን።»

ጃንጥላው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። አወረድኩና እጇ ላይ አስያዝኳት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ቆሜ፣ ያለ ማይክ፣ በዚያ በድሮው ድምፄ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዝሽው እናት፣ አልኩ።